እሸቱን ያላየነው አኩሪ አተር

ባቄላም ሆነ አተር፣ ሽምብራም ሆነ በቆሎ፣ እሸቱ ሳይቀመስ ወደ አውድማ አይወርድም። የባቄላው ቆባ ሲሞላ ልጅ አዋቂው ማሳ ዳር ቆሞ ይፈለፍላል። የሽምብራው እሸት ከነቅርንጫፉ ተነቅሎ እየታሰረ ከደብረ ዘይት መንገድ እስከ አዲስ አበባ መንደር ውስጥ ድረስ ይዞራል፤ ገዢውም እስሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እየለቀመ መንገዱን ይቀጥላል። መንገደኛ ከሰው ማሳ አንድ እፍኝ እሸት ቀጥፎ ቢበላ ሌባ የሚለው የለም። አኩሪ አተር ግን እዚህ ወግ ውስጥ አልገባም። አገራችን ከመጣ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በጅማ፣ በፓዌ፣ በአሶሳ፣ በወለጋ ይዘራል። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ወተቱን እናውቃለን። እሸቱን ቀምሻለሁ የሚል ሰው ማግኘት ግን ይቸግራል።

እኔ የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛ ሆኜ በምዕራብ ኢትዮጵያ እናቶችን የአኩሪ አተር አዘገጃጀት ሳስተምር ነው ጡረታ የደረሰብኝ። ነገሩን የማውቀው ከደረቁ ወገን ነው። እሸቱን ያየሁት ለአጭር ሥልጠና ጃፓን በተላክሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ እሸቱና ደረቁ በታሪክ ውስጥ የሄዱበት መንገድ ለየቅል መሆኑን ነው። ደረቁ የጎተራ፣ የመርከብና የፋብሪካ እህል ሆነ። እሸቱ የመንደርና የምሽት ገበያ ሆኖ ቀረ። ወደ እኛ የመጣው በደረቁ መንገድ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

የአኩሪ አተር አገር ቻይና ነው። እዚያ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ሲታረስ ኖሯል፤ ከጥንቶቹ አምስት ቅዱሳን እህሎችም አንዱ ተብሎ ይቆጠር ነበር። የዱር ዘመዱ ዛሬም በምሥራቅ እስያ ቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመ ይበቅላል፤ ፍሬው ጥቁርና ደቃቅ ነው። ከቻይና ወደ ኮሪያና ወደ ጃፓን ተሻገረ። የእሸቱ ወግ ግን ከሁሉም አገር ይልቅ በጽሑፍ የተያዘው ጃፓን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ልቆይ።

በ1275 ኒቺረን የተባለው የቡድሃ እምነት መምህር ለአንድ ምእመን የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ምእመኑ ወደ ገዳሙ ካመጣው ስጦታ ውስጥ ከነግንዱ የታሰረ የአኩሪ አተር እሸት ነበረበት። ኤዳማሜ የሚለው የእሸቱ ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይኸው ደብዳቤ ነው። ደስ የሚለኝ ምን መሰላችሁ? እዚህ ያገኘነው ወሬ የነጋዴ ሒሳብም የንጉሥ ግብር መዝገብም አይደለም፤ ሰው ለሰው የሰጠው እሸት ነው። እኛም አገር እሸት የሚላከው ለንስሐ አባት፣ ለጎረቤትና ለአራስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቁም ነገሩ ያለው ኤዶ ውስጥ ነው፤ የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው። ኪታጋዋ ሞሪሳዳ የሚባል ከኦሳካ የመጣ ሰው ከ1837 ጀምሮ የሦስቱን ታላላቅ ከተሞች፣ የኤዶን፣ የኪዮቶንና የኦሳካን የዕለት ኑሮ በሥዕል እያስደገፈ መዘገበ። ልብሱን፣ ቤቱን፣ የመንገድ ነጋዴውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነው የጻፈው። የተቀቀለ አኩሪ አተር ሻጮችንም አልዘለላቸውም። በሦስቱም ከተሞች በሙቀቱ ወራት፣ በምሽት ይሸጣል ይላል። ኪዮቶና ኦሳካ ቆባው ከግንዱ እየተለቀመ ነው የሚሸጠው፤ ኤዶ ላይ ግን ከነግንዱ ተቀቅሎ ነው። ሻጮቹ በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ናቸው። ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ቅርጫታቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ እየጮኹ በጨለማው መንደር ውስጥ ይዞራሉ።

ገዢው ግንዱን ይይዛል፣ ቆባውን ወደ አፉ አስጠግቶ በጥርሱ ይጨምቃል፣ ፍሬው ዱብ ይላል፣ ቅርፊቱን ይጥላል። ሳህን የለ፣ ሹካ የለ፣ መቀመጫ የለ። በዚያን ጊዜ ኤዶ ውስጥ ብዙ ነዋሪ ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚኖር የቀን ሠራተኛና የእጅ ባለሙያ ስለነበር፣ በቆመበት የሚበላ ምግብ ሁሉ ገበያ ነበረው። ለሻጯም ቢሆን ንግዱ ካፒታል አይጠይቅም፤ ከከተማው ዳር ካለ ገበሬ ገዝታ፣ በአንድ ድስት ቀቅላ ትወጣለች። ያላለቀላት ግን ለነገ አይሆናትም። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። እሸት አይቆይም፤ የማይቆይ ነገር ደግሞ ትልቅ ነጋዴ እጅ አይገባም። ለዚህም ይመስለኛል ያለፈው ዘመን ትልልቅ ሀብታሞች በሶያ መረቅና በሚሶ የከበሩት፣ በኤዳማሜ የከበረ ቤት ግን የማይነገረው።

ደረቁ ግን ይጠብቃል። ከኤዶ ወጣ ብሎ ኖዳና ቾሺ የተባሉ ከተሞች ከ1600ዎቹ ጀምሮ የሶያ መረቅ ጠማቂዎች ሆኑ። ደረቁን አኩሪ አተር ከስንዴና ከጨው ጋር አብላልተው በበርሜል ያስቀምጡታል፤ ከወራት በኋላ በጀልባ ወደ ከተማው ይጭኑታል። በዚያው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ነጋዴዎች ከናጋሳኪ ወደብ የሶያ መረቅ ወደ ውጭ መላክ ጀምረው ነበር። ሚሶ የሚሉት ደግሞ በጨው ተብላልቶ የሚቀመጥ የአኩሪ አተር ሊጥ ነው፤ የወታደር ስንቅ ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ለሚወድ ሰንዳይ ከተማ ትበቃዋለች። የሰሜኑ ጌታ ዳቴ ማሳሙኔ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋን ሲቆረቁር ሚሶ በብዛት የሚሠራበትና የሚከማችበት መጋዘን አቆመ፤ የሰንዳይ ሚሶ ዛሬም ድረስ ስሙ ያለ ነው። በዚያችው ከተማ እሸቱን ቀቅለው፣ ስሱን ልባስ ልጠው፣ ወቅጠው፣ በስኳር አጣፍጠው በሩዝ ቂጣ ላይ ያፈሱታል። ዙንዳ ይሉታል። አረንጓዴነቱ ዓይን ይስባል። በነሐሴ የሙታን መታሰቢያ በዓል ሰሞን ይበላል። ተረተኞች ይህንንም ከማሳሙኔ ጋር ያያይዙታል፤ በጦር ሜዳ እሸቱን በሰይፉ እጀታ ወቀጠው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ጀግና ሙቀጫ ሲፈልግ አልታይህ አለኝ። ሙቀጫው የሴቶቹ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

ከበዓላቱ ሁለቱን ልጥቀስ። በየካቲት 3 ቀን ገደማ፣ ክረምታቸው ሊወጣ ሲል፣ ጃፓኖች የተቆላ ደረቅ አኩሪ አተር ቤታቸው ውስጥና ደጃፋቸው ላይ ይበትናሉ፤ እርኩስ መንፈስ ይውጣ፣ በረከት ይግባ እያሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ቆጥሮ ይበላል። አተሩ መቆላት አለበት፤ ጥሬው ተበትኖ ጥግ ላይ ቢበቅል ክፉ ይመጣል ይባላል። በጥንቱ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር በ13ኛው ሌሊት ደግሞ ለጨረቃዋ እሸቱን ያቀርባሉ፤ ሌሊቱም የአተር ጨረቃ ይባላል። እንግዲህ ሰይጣን የሚደበደበው በደረቁ ነው፣ ጨረቃ የምትከበረው በእሸቱ።

ገበሬው ግን ሁለቱን አልለያየም። የሩዝ ማሳው በውሃ የተሞላ ስለሆነ አኩሪ አተሩን የሚተክለው ጭቃው በተከመረበት ድንበር ላይ ነበር። አንዲት ጠባብ መስመር ናት። ከእርሷ በሐምሌና በነሐሴ ለቤት የምትበቃ እሸት ይነቅላል፤ የተረፈው ቆሞ ይደርቅና በመጸው ይወቃል፤ የቤቱን ሚሶ ያወጣል።

ስለ እሸቱና ስለ ደረቁ ልዩነት ባለሙያ ሲጠየቅ ቁጥር ይደረድራል፤ እኔም ልማዱ አልለቀቀኝምና ትንሽ ልበል። እሸቱ የሚለቀመው ፍሬው ቆባውን ሊሞላው ሲቃረብ፣ ቆባው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ያ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ካለፈ ቆባው ይገረጣል፣ ፍሬው ይጠጥራል። ያኔ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 12 ገደማ ነው፤ ስኳርና ጥቂት ስታርች አለው። ደርቆ ሲወቃ ውሃው ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ 36 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ዘይቱ 20 ይጠጋል፤ ስታርቹ ግን ከነአካቴው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ደረቁን ንፍሮ አድርጎ ለመብላት አሳድሮ ነክሮ ለሰዓታት ማንተክተክ ያስፈልጋል። ጥሬውን መብላት ደግሞ፣ እሸትም ይሁን ደረቅ፣ አይገባም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ የሚያሸንፈው እሳት ነው።

ይህን ሁሉ አውቄ ነበር የሄድኩት። ያላወቅሁትን ያሳየችኝ የማረፊያ ቤቱ ወጥ ቤት ሴትዮ ናት፤ ዕድሜዋ የእናቴ ታናሽ እህት ያህላል። እሸቱን ከነግንዱ አምጥታ ጋዜጣ ላይ ዘረጋችው። ግንዱ ሸካራ ነው፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው፣ ቆባው ላይ ወርቅማ ፀጉር አለ። እያንዳንዱን ቆባ በመቀስ ከግራም ከቀኝም ጫፉን ቆረጠችው፤ ጨው እንዲገባለት። ከዚያ ጨው ነስንሳ በሁለት እጇ አሸችው፤ ፀጉሩ ተነቅሎ ጨው ላይ ቀረ። የሚፈላው ውሃ ውስጥ ከነጨው ጨመረችው። ከአራት አምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም። በቀርከሃ ወንፊት አጠለለችና ቀዝቃዛ ውሃ ልታፈስበት ነው ብዬ ስጠብቅ በማራገቢያ ታራግበው ጀመር፤ ውሃ ካገኘው ጣዕሙ ይታጠባል አለች በአስተርጓሚዋ። ለቅሜ አፌ ውስጥ ስጨምቀው የአተር እሸት አስታወሰኝ፤ ግን ወፈር ያለ፣ የለውዝ ወዝ ያለበት ነው። ለዓመታት ከእናቶች አፍ የሰማሁት ሽታ ግን አልነበረበትም።

ያንን ሽታ የእኛ ሴቶች ደህና አድርገው ያውቁታል። አኩሪ አተሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲሰብሩት ወይም ጥሬውን ሲያስፈጩት፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከዘይቱ ጋር ይገናኝና የሣር፣ የጥሬ ባቄላ ዓይነት ሽታ ያመጣል። «እትዬ፣ ለልጅ ነው ወይስ ለላም?» ያለችኝ እናት አለች። መድኃኒቱ መጀመሪያ እሳት ማሳየት ነው። ወይ ይቆላል፣ ወይ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቆልተን፣ ገለባውን አሽተን አራግፈን፣ ከባቄላና ከአተር ጋር ለሽሮ እንቀላቅለዋለን። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ባለ ወፍጮው ዘይቱ ድንጋዬን ያዝብኛል ብሎ ይመልሰናል፤ በቆሎ ቀላቅሉበት እያልን እንለምነዋለን።

ይህ ሁሉ የደረቁ ጣጣ ነው። ለምን ደረቁ ብቻ ወደ እኛ መጣ ላልነው ምላሹን ለማግኘት ከጃፓን ወጥቶ ወደ ማንቹሪያና ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል።

በ1908 ከማንቹሪያ አኩሪ አተር በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ መሄድ ጀመረ። የተፈለገው ለዘይቱ ነው፤ ለሳሙናና ለመሰል ፋብሪካ። ጭማቂው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ይሆናል። አሜሪካም በዚሁ መንገድ ሄደች። በ1922 ዲካቱር በምትባል የኢሊኖይ ከተማ የስቴሊ ኩባንያ አኩሪ አተር መጭመቅ ጀመረ፤ ሄንሪ ፎርድም ከአኩሪ አተር የመኪና ክፍል ለመሥራት ሲሞክር ኖረ። ከ1929 እስከ 1931 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ዶርሴትና ሞርስ የተባሉ ሁለት ሰዎችን ወደ ጃፓን፣ ኮሪያና ማንቹሪያ ላከ። 4,500 ገደማ የአኩሪ አተር ናሙና ይዘው ተመለሱ። እሸቱን በቶኪዮ ገበያ ከነግንዱ ታስሮ አይተውታል፤ ለእሸት የሚሆኑ ፍሬያቸው የገዘፈ ዝርያዎችንም አምጥተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋ ሲወደድ ለአሜሪካ እመቤቶች ጓሯችሁ ትከሉት ተባለ። አልያዘም። ሥጋው ሲመለስ እሸቱ ተረሳ፤ የዘይቱ ዝርያ ሜዳውን ያዘው።

እኛ ጋ በ1950ዎቹ ገብቶ በኋላ የተስፋፋው ይኸው የሜዳው ዝርያ ነው። ገበሬዎቻችን የለመዷቸው ስሞች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ክላርክ 63ኬ፣ ዊሊያምስ፣ ክራውፎርድ። ክላርክ 63 በ1963፣ ዊሊያምስ በ1971 ከአሜሪካ የወጡ ናቸው። ለመጭመቂያ ፋብሪካና ለትልቅ ማጨጃ ታስበው የተመረጡ፣ ፍሬያቸው ደቀቅ ያለ ነው፤ መቶ ፍሬ ቢመዘን ከ20 ግራም እምብዛም አያልፍም። ለእሸት የሚመረጠው 30 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ወደ ሕዝቡ ያደረሰውም የአልሚ ምግብ ሥራ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ፋፋ አኩሪ አተርን ከስንዴ፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት ጋር አደባልቆ በፓኬት አቀረበው። ለተጎዱ ልጆች የዋለው ውለታ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አኩሪ አተርን የሕመምተኛና የእርዳታ ምግብ አድርጎ አስለመደን። እሸት ደግሞ የጤነኛና የደስተኛ ሰው ምግብ ነው። ማንም ሰው ሐኪም አዞት እሸት አይበላም።

ዛሬ አርሶ አደሩ ስለ አኩሪ አተር ስታናግሩት ስለ ኩንታል ዋጋ ነው የሚያወራችሁ፤ ወደ ምርት ገበያ የሚገባ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል ነው። ቅጠሉ ረግፎ፣ ቆባው ቡናማ ሆኖ፣ ስትነቀንቁት ሲንኳኳ ነው የሚታጨደው። ያውም በጠዋት ጤዛው ሳይነሣ፤ ቀትር ላይ ከነኩት ቆባው ጧ ብሎ ፈንድቶ ፍሬውን ይረጨዋል።

ደረቁ የቱን ያህል የመንግሥታት ጉዳይ እንደሆነ 1973 አሳየ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፔሩ ባሕር ዓሣ ስለከዳ የዓለም መኖ ፈላጊ ሁሉ ወደ አኩሪ አተር ዞሮ ነበር። በሰኔ ወር የኒክሰን መንግሥት አኩሪ አተር ከአሜሪካ እንዳይወጣ አገደ። ጃፓን ከምትፈልገው ከ10 እጅ ዘጠኙን የምታስመጣ አገር ናት፤ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብና ሚሶ አምራቹ ተደናገጠ። እገዳው ብዙ አልቆየም፤ ጃፓን ግን ትምህርቷን ይዛ በብራዚል ሴራዶ ሜዳ ላይ ለአኩሪ አተር ልማት ገንዘብ አፈሰሰች። ብራዚል ዛሬ በዓለም ቀዳሚ አምራች ስትሆን የዚያ ድንጋጤ ድርሻ አለበት።

የኤዶዋ ሴት ቅርጫትስ? እሷንም ማቀዝቀዣ ደረሰባት። በ1970ዎቹ ታይዋን እሸቱን ቀቅላ አቀዝቅዛ ወደ ጃፓን መላክ ጀመረች፤ በኋላ ቻይናና ታይላንድ ተከተሉ። ዛሬ ጃፓን በዓመት ወደ 70 ሺህ ቶን የቀዘቀዘ ኤዳማሜ ታስገባለች፤ ለቢራ ቤቱ ሳህን ሁሉ የሚበቃው ከዚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሸቱ እንደ ደረቁ መጠበቅን፣ መርከብ መሳፈርን ተማረ። ደንበኛው የጃፓን ገበሬ ግን ዛሬም በሌሊት ተነሥቶ ይነቅላል፤ ከተነቀለ በኋላ በሙቀት ሲውል ስኳሩ ስለሚወርድ ከፀሐይ ቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት አለበት። ያማጋታ ክፍለ ሀገር ጹሩኦካ ከተማ ዳዳቻማሜ የሚሉት፣ ፀጉሩ ቡናማ የሆነ ዝርያ አለ፤ ወቅቱ ሲደርስ ሰው ሊበላው ከሩቅ ይመጣል።

ቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ይህንኑ የቀዘቀዘውን ከሱፐርማርኬት በከረጢት ትገዛለች። ለጾም ትቀቅልና በሚጥሚጣ ትበላዋለች። «አክስቴ፣ የአተር እሸት አገኘሁ» ብላ ደወለችልኝ። አኩሪ አተር ነው ስላት አላመነችም፤ ልጅ ሆና ያበላኋት ገንፎ ትዝ ብሏት ይሆናል። ከረጢቱን ገልብጣ አነበበችልኝ፤ የቻይና ምርት ይላል። እኔም ወደ ጅማ ለሚሄድ ዘመዴ ፍሬው ገዘፍ ያለ ዘር እንዲያፈላልግልኝ ነግሬዋለሁ፤ ከጓሮዬ ድንበር ላይ አንድ መስመር ይበቃኛል።